አሠሪዬ እማማ ሜላት ናቸው

ዓምዱ በየማለዳው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። «ዛሬ ሥራ አለዎት?» ኪሩቤል ዘነበም በየማለዳው ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ፣ ፊቱን ወደ ዐይኑ ቀና አድርጎ፣ «የለኝም፤ እፈልጋለሁ» ይላል። ይህን ሲል አምስት ዓመት ሞላው።

ዓምዱ የቆመው በብሎኩ በር ላይ ነው። ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል። አናቱ ላይ ዐይን፣ ደረቱ ላይ መስታወት አለው። ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ቀርቦ ቃሉን ያልሰጠ ሰው የዕለቱ ድጎማ ይቀርበታል። ስለዚህ ሰዉ ይሰለፋል። ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሳያስገባ የወረደ ሽማግሌ ቃሉ ስለማይያዝለት ፎቁን ተመልሶ ይወጣል። ሰልፉ ላይ ማንም አይሳደብም። ስድብ «ለሥራ ያለው ዝንባሌ» በሚለው ሥር ይመዘገባል። ሰዉ ስድቡን ውጦ እቤቱ ገብቶ ነው የሚተፋው።

ድጎማውን የመቆያ ድጎማ ይሉታል። ሥራ እስኪመጣ መቆያ ማለት ነው። ቤቱም የመቆያ ቤት ነው። ለማን ይሰጥ፣ ለማን ይከልከል የሚለውን የሚወስነው አጣሪው ነው። አጣሪው ሰው አይደለም። ዓምዶቹ ሁሉ የእሱ ዐይንና ጆሮ ናቸው። ድሮ ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች አሁን ራሳቸው ሰልፉ ላይ ናቸው።

ኪሩቤል ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ነድቷል። ተሳቢዎቹ ዛሬም ከሞጆ ደረቅ ወደብ እየወጡ በብሎኩ ጀርባ ያልፋሉ። መሪ የላቸውም፤ የሾፌር መቀመጫም የላቸውም። ክላክስ እንኳ አይነፉም። ኪሩቤል አንዳንዴ መስኮት ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ሚስቱ ሶስና ግን መጋረጃውን ትስብበታለች።

አንድ ማክሰኞ፣ በየካቲት፣ ዓምዱ ጥያቄውን አልጠየቀም።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ አቶ ኪሩቤል» አለ። ድምፁ የሴት ነው፤ ትሑት ነው። «ሥራ አግኝተዋል።»

«ምን አልሽ?»

«የቀብርና የድንኳን አገልግሎት ሠራተኛ ሆነዋል። ድጎማዎ ከሰባት ቀን በኋላ ይቋረጣል። የሚኖሩበት ቤት ለሌላ ሥራ ፈላጊ ይሰጣል።»

ከኋላው የተሰለፈው ማቲያስ ነበር። ጎረቤቱ ነው፤ ወደቡ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳ የነበረ፣ ሦስት ልጆች ያሉት ሰው። «ጋሽ ኪሩቤል፣ መቼም ሳትጋብዘን አትሄድም!» አለና ሳቀ። ሰልፉም ሳቀ።

መስታወቱ ላይ ሥዕል መጣ። ኪሩቤል ሦስት የድንኳን ምሰሶ ተሸክሞ። ኪሩቤል አግዳሚ ወንበር በራሱ ላይ አድርጎ። ኪሩቤል አካፋ ይዞ፣ ወገቡ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ሰው ሞቶ ነበር፤ ከአንዱም አልቀረም።

«ይሄ እኮ ለቅሶ ነው» አለ ኪሩቤል። «እድር ነው።»

«በጡሩምባ ይጠራሉ» አለ ዓምዱ። «በተባለው ሰዓት ይገኛሉ። የሚያዝዝ ኃላፊ አለ። ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። እነዚህ አምስቱ ባሉበት ሥራ አለ።»

ኪሩቤል አንድ በአንድ አሰበው። ይጠራሉ፤ እውነት ነው። ይገኛሉ፤ እውነት ነው። የቀረ ይቀጣል፤ እሱም እውነት ነው። ከተባለው ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም። ያናደደውም ይሄው ነው።

ሰልፉ ሳቁን አቆመ። ከእነሱ መካከል ምሰሶ ያልተሸከመ አልነበረም። ዓምዱም ከኪሩቤል በኋላ ለቀረቡት ሁሉ ተራ በተራ፣ ከእንግዲህ ከተሸከሙ ሠራተኛ እንደሚባሉ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው።

ሶስና ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት አትወጣም። ወሬው ግን ከባሏ ቀድሞ ደረሳት።

«ሥራ ገባህ አሉ» አለችው።

«ገባሁ።»

«ደሞዙስ?»

«ገነት ነው መሰለኝ የሚከፈለው።»

አልሳቀችም። «ቤቱን ይወስዱታል?»

«እንደዚያ ነው ያለው።»

ጉልበቷን አሸች። ከዚያ «ነገ ቢሯቸው ሂድ» አለችው። «ለምን ለመነ ብዬ አላፍርብህም። ግን የማይሆን ነገር እንዳትፈርም። አንተ ንዴትህ ሲበርድ እሺ የምትል ሰው ነህ።»

የመቆያ ቢሮ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ውስጡ የቀረ አንድ ሰው ነው፤ ደምሰው ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሥራው ማሽኑ ያለውን ላልገባቸው ሰዎች ደግሞ መናገር ነው። መወሰን አይችልም።

ኪሩቤል ወረፋ ይዞ አጠገቡ ከተቀመጠች ሴት ጋር ተጨዋወተ። ሩሐማ ትባላለች። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። ፋብሪካው ፈርሷል፤ አጣሪው ግን «የፋብሪካው ሠራተኛ ነሽ» ብሏታል።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ተከራከርኳ። አሠሪው ይቅረብ አሉ። በየወሩ ፋብሪካውን በስሙ ይጠሩታል። ፋብሪካው አሁን ሜዳ ነው፤ በሬ ይግጥበታል። አይመጣም። ቀጠሮ ይሰጡታል።»

«አንቺስ እስከዚያ?»

«ክርክር ላይ ያለ ሰው አይቆረጥም። ይኸው ሦስት ዓመቴ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «በወር አንድ ቀን መጥቼ፣ እዚች ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ፋብሪካዬ ሲጠራ ሰምቼ እሄዳለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

ተራው ደረሰ። ደምሰው መስታወቱን ወደ እሱ አዞረለት።

«ጋሼ፣ ሁለት ምርጫ አለዎት። አንደኛው ይሄ ነው፤ ያንብቡት።»

ኪሩቤል ፊደል በዝግታ ነው የሚያነበው፤ ያነበበውን ግን አይረሳም። «ከዛሬ ጀምሮ ክፍያ በሌለው ማንኛውም የጋራ ጥሪ ላይ አልገኝም» ይላል። ከሥሩ የአውራ ጣት ቦታ አለ።

«ይህን ከፈረሙ ሁሉም እንደነበር ይቀጥላል» አለ ደምሰው። «ቤቱም፣ ድጎማውም። ግን ፈርመው አንድ ቀን እንኳ ከወጡ ክርክር የለም። በዚያው ዕለት ነው የሚቆረጠው።»

«ጎረቤቴ ቢሞትስ?»

«ቁጭ ብለው ማልቀስ ይችላሉ። መሸከም ነው የማይቻለው።»

«ማን አለ?»

ደምሰው ወደ ጣራው ተመለከተ። 

«ሁለተኛውስ?»

«አሠሪዎን መናገር። እድሩን ይንገሩት፤ ከዚያ እድሩ ይጠራል።»

«ከተጠራ በኋላስ?»

«እንደ ድርጅት ይመዘገባል። ለተሸከመ፣ ለቆፈረ ሁሉ ደሞዝ መክፈል አለበት። ካልከፈለ . . .» ደምሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይታሸጋል። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ሁሉም።»

ኪሩቤል ሰውየውን ሳይሆን መስታወቱን አየ። ብዙ ዓመት ኬላ ላይ ቆሞ ያውቃል። የሚፈትሽ ሰው ሁለት ነገር አቅርቦ አንዱን ምረጥ ሲል፣ ሁለቱም የፈታሹ መሆናቸውን ያውቃል።

«አሠሪዎ ማን ነው?» አለ ማሽኑ፣ በዚያው በትሑት ድምፁ።

«እማማ ሜላት» አለ ኪሩቤል።

«ሙሉ ስም?»

«ወይዘሮ ሜላት ተፈራ።»

ደምሰው ብድግ አለ። «ጋሼ፣ እማማ ሜላት እኮ . . . እኚያ ዳቦ ቤቱ አጠገብ የነበሩት?»

«አዎ። ቅዳሜ የቀበርናቸው።»

«በሞቴ ጋሼ፣ ይሄ ቀልድ አያውቅም። የሐሰት ቃል ከተገኘብዎት ድጎማው ለዕድሜ ልክ ነው የሚዘጋብዎት!»

«ማን ቀለደ?» አለ ኪሩቤል። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አሠሪህ ማነው አለኝ። ጉድጓዱን ለማን ነው የቆፈርኩት? ለእድሩ ነው? እድሩ ጉድጓድ ምን ያደርግለታል? ለእሳቸው ነው የቆፈርኩት። ማን ጠራህ ካለኝም እሳቸው ናቸው፤ ሞተው ጠሩኝ። እሳቸው ባይሞቱ ኖሮ ቅዳሜ ተኝቼ ነበር የምውለው። ጻፈው።»

«የአሠሪዋ አድራሻ?» አለ ማሽኑ።

«ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ። ከትልቁ ጽድ በስተግራ።»

«ስልክ?»

«የላቸውም።»

ትንሽ ቆየ። «ተመዝግቧል። ወይዘሮ ሜላት ተፈራ በሚቀጥለው ሐሙስ በሦስት ሰዓት ይቀርባሉ።»

ደምሰው ግንባሩን ያዘ። ኪሩቤል ወደ እሱ ጎንበስ ብሎ፣ «መሞታቸውን አያውቅም እንዴ?» አለው።

«የሞት መዝገብ የሌላ ቢሮ ነው» አለ ደምሰው በሹክሹክታ። «እነሱና እኛ አንነጋገርም።»

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። የተሰበሰቡት ድንኳኑና ወንበሮቹ በሚቀመጡበት በእቃ ቤቱ ውስጥ ነው። እዚያ ዐይን የለም። የእድሩ ዳኛ ኢዮስያስ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ጥንቁቅ ሰው። ክንዱ ሥር የስም መዝገቡን ይዟል።

«ሃያ ሦስት ሰው ፈርሟል» አለ ኢዮስያስ። «አልፈርድባቸውም። የቀረነው ደግሞ ብልሃት መፍጠር አለብን። እኔ የምለው፣ ስም ጥሪው ይቅር። ጡሩምባውም ይቅር፤ በስልክ ሹክ እንባባል። ድንኳኑን ከውሃ ጋኑ ጀርባ እንትከለው፤ እዚያ ዐይኑ አይደርስም። ሰው በአንድ ላይ አይሂድ፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ይሂድ።»

ጥቂቶቹ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

«መምህር» አለ ኪሩቤል።

«አቤት።»

«ሬሳውን ከየት ነው የሰረቅነው?»

ኢዮስያስ መዝገቡን ወደ ሌላው ክንዱ ሥር አዛወረ።

«ጠይቄህ ነው። ተደብቀን የምንቀብረው ምን አድርገን ነው? ሌቦች ነን? እኔ ሃያ ሰባት ዓመት መንገድ ላይ ኖሬ፣ ኮንትሮባንድ የጫነ መኪና እንዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። መብራቱን አጥፍቶ፣ በዳር በዳር፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። እኔ እናቴን የቀበርኩት እንደዚያ አይደለም።»

«አንተ ልጅ የለህም፣ ጋሽ ኪሩቤል» አለ ማቲያስ ከበሩ አጠገብ።  «እኔ ፈርሜያለሁ፤ ሦስት ልጅ አለኝ። ምን ላብላቸው? ስም ጥሪ ላብላቸው?»

ኪሩቤል አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ለማቲያስ ቦታ ለቀቀለት። 

የማቲያስ አባት አባባ ዮናታን ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰማንያ አልፏቸዋል። ለአርባ ዓመት የእድሩን ጡሩምባ የነፉት እሳቸው ናቸው። ጡሩምባውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያስሉ ነበር። ልጃቸውን አላዩትም።

«ስነፋ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር ነው» አሉ። «ይህን ሰምቶ ያልወጣ ሰው መልሶ እንቅልፍ ይወስደው ይሆን እላለሁ።» ከዚያ ሳል ያዛቸው፤ ሌላ አልተናገሩም።

ስብሰባው ሳይስማማ ተበተነ።

አባባ ዮናታን ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል አረፉ።

ብሎኩ ሁሉ አወቀ፤ ግን ማንም አልወጣም። የለመደው ጡሩምባ ሲነፋ መውጣት ነው። ጡሩምባ ነፊው ደግሞ ሟቹ ናቸው። ሰዉ በየቤቱ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀረ። 

ኪሩቤል ወደ ለቅሶው ቤት ወረደ። ማቲያስ በሩ ላይ ቆሟል። ሁለቱም እጆቹ የካፖርቱ ኪስ ውስጥ ናቸው። በጣም ጥልቅ አድርጎ ስለከተታቸው ትከሻው ወደ ፊት ጎብጧል። ከውስጥ ሴቶች ያለቅሳሉ።

«አልነካም፣ ጋሽ ኪሩቤል» አለ። «አባቴን መገነዝ እንኳ . . . አላውቅም፣ ያ ሥራ ይሁን አይሁን። ማንን ልጠይቅ? እጄን ካወጣሁት የሆነ ነገር እነካለሁ።»

«ጡሩምባው የት ነው?»

ማቲያስ በአገጩ ግድግዳውን አሳየው። ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ኪሩቤል ጡሩምባውን አውርዶ ወደ ግቢው ወጣ። ቀጥ ብሎ ወደ ዓምዱ ሄደ። ከዓምዱ ፊት ቆሞ ነፋ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሁለተኛው እንደ ታመመ በግ ጮኸ። ከአንደኛ ፎቅ አንዲት ሴት፣ «ኧረ ማነው ሰውዬውን ሁለተኛ የሚገድለው?» አለች። ሦስተኛው ግን እንደ ተሳቢ ክላክስ ሆነ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የተበጠሰበት ሾፌር እንደሚነፋው፣ ረጅምና ያልተቆራረጠ።

በሮች ተከፈቱ።

ከእቃ ቤቱ ድንኳኑን አወጡ። አንድ ሰው «ከጋኑ ጀርባ ነው አይደል የተባለው?» አለ። ኪሩቤል መልስ ሳይሰጥ ካስማውን ይዞ ሄዶ፣ ከዓምዱ እግር ሁለት እርምጃ ላይ መሬቱን በመዶሻ መታ። ዐይኑ ወደ ታች ዞሮ አየው። ኪሩቤልም ቀና ብሎ አየው። ሁለተኛውን ካስማ ኢዮስያስ ራሱ ያዘለት። 

ሶስና ወረደች። አራቱን ፎቅ ግድግዳ እየደገፈች፣ በየደረጃው እየተራገመች ወረደች። አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ዘረጋች። «እንግዲህ ጠይቀው» አለች ለባሏ፣ ዓምዱን እያሳየች። «መቀመጥም ሥራ ከሆነ እኔ ከዛሬ ጀምሮ አለቃ ነኝ በለው።»

የወጣው ስልሳ አንድ ሰው ነበር። ከፈረሙት ሃያ ሦስት ሰዎች፣ በሩ ላይ ከቆመው ከማቲያስ በቀር፣ ማንም አልወጣም። በየመስኮቱ መጋረጃው ትንሽ ከፈት ብሎ ይታይ ነበር።

ቃሬዛው ወጣ። ሦስት ሰዎች ሦስቱን ማዕዘን ያዙ፤ ኪሩቤል ከፊት በግራ ነው። አራተኛው ማዕዘን የበኩር ልጅ ቦታ ነው። ሰው አጥተው አይደለም፤ ስልሳ ሰው ቆሟል። ግን ማንም አልገባበትም። ቃሬዛው ወደዚያ ማዕዘን ትንሽ እንዳዘነበለ፣ በሦስት ሰው ጉልበት ቆሞ ጠበቀ።

ማቲያስ እዚያው እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ነበር።  የዓምዱ ዐይን እሱ ላይ ነበር።

«ማቲ» አለች ሚስቱ ከሴቶቹ መሀል። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

«እየከበደን ነው» አለ ኪሩቤል። ይህም እውነት ነበር።

ማቲያስ እጆቹን አወጣ። ለአፍታ ባዶ መዳፎቹን አያቸው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ከዚያ መጥቶ የአባቱን ቃሬዛ ትከሻው ላይ አደረገ። ሰዉ ተነቃነቀ። ዐይኑም ተከተላቸው፤ እስከ ግቢው በር፣ እስከ አስፋልቱ። አስፋልቱ ላይ መሪ የሌላቸው ተሳቢዎች ሰው ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ቀብሩ እስኪያልፍ አሥራ አራት ተሳቢ ተደርድሮ ቆመ።

ከቀብር መልስ ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። ኢዮስያስ መዝገቡን ከፈተ። ጀርባውን ለዓምዱ ሰጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊጀምር ሲል ኪሩቤል ጣልቃ ገባ።

«መምህር፣ ዙር። ድምፅህንም ከፍ አድርገው። አንዴ ካየን አይቀር በደንብ ይስማን።»

ኢዮስያስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ ዞረና ክፍል ውስጥ ሆኖ ሃምሳ ተማሪ ዝም ያሰኝ በነበረበት ድምፁ ጠራ።

«ሐና ግዛቸው!»

«አለሁ!»

«በእምነት ሶሪ!»

«አለሁ!»

ስልሳ አንድ ስም ተጠራ። ስልሳ አንዱም መለሰ። ሶስና የተመዘገበችው በባሏ ስም ስለሆነ የሚጠራ ስም የላትም፤ ቢሆንም ኪሩቤል ሲጠራ አብራ «አለን» አለች። በመጨረሻ ኢዮስያስ መዝገቡን ሊዘጋ ነበር። ስማቸው የተሰረዘው ሃያ ሦስቱ በሌላ ገጽ ላይ ናቸው። ገጹን ገለጠና አንዱን ብቻ ጠራ።

«ማቲያስ ዮናታን።»

ማቲያስ እየተነሳ፣ «አለሁ» አለ። ድምፁ አልወጣ ስላለው ደገመው።

በማግሥቱ ዓምዱ ለስልሳ ሰው «እንኳን ደስ አለዎት» አለ። ለማቲያስ ግን እንዲህ አላለውም። «ቃልዎን አፍርሰዋል» አለው፣ በዚያው በትሑት ድምፁ። «ድጎማዎ ከዛሬ ጀምሮ ተቋርጧል። ቤቱን በሰባት ቀን ያስረክባሉ።» ማቲያስ ሲመለስ የሰልፉ ሰው ሁሉ ትከሻውን ነካው። እሱ እጁን ኪሱ አልከተተም።

ስልሳውም ሰው ከዚያው ከሰልፉ ወደ ቢሮው ሄደ። ደምሰው በሩን ሲከፍት ደረጃው እስከ አስፋልቱ በሰው ተሞልቶ አገኘው። ሰዓቱ ሦስት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። የኪሩቤል ክርክር የመጀመሪያው ነበር። ደምሰው ከማሽኑ አጠገብ ቆመ።  ሩሐማም መጥታለች፤ ቀጠሮዋ አይደለም፤ ለማየት ነው።

«የአቶ ኪሩቤል ዘነበ ጉዳይ» አለ ማሽኑ። «አሠሪ፣ ወይዘሮ ሜላት ተፈራ።»



«ወይዘሮ ሜላት ተፈራ» አለ ሁለተኛ።

አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሌላው ባርኔጣውን አወለቀ። ከእነሱ መሀል እማማ ሜላትን የማያውቅ አልነበረም፤ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ሲተርቡ የኖሩ ሴት ናቸው። ኪሩቤልን፣ ተሳቢውን ባቡር ብለው፣ «ያንን ባቡር አቁመኸው ነው የመጣኸው?» ይሉት ነበር። አሁን ኪሩቤል ስማቸው በሰው በተሞላ ክፍል ውስጥ እንደ ባለዕዳ ሲጠራ ሰማ። የሐሰት ቃል የሚለው ትዝ አለው። ቤቱ ትዝ አለው። የሶስና ጉልበት ትዝ አለው። ግን ያለው ነገር ሁሉ እውነት ነበር፤ የሚያጥፈው ቃል አልነበረም።

«ወይዘሮ ሜላት ተፈራ» አለ ማሽኑ ሦስተኛ።

ሰዉ ወደ በሩ ዞሮ አየ።

«አሠሪዋ አልቀረቡም። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር በዚህ ቀን ተቀጥሯል። እስከዚያ ድጎማው ይቀጥላል።»

ማንም አልጮኸም። ደምሰው እንደ ሥራው ማሽኑ ያለውን ደግሞ መናገር ነበረበት። «አልቀረቡም» አለ። «ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል።» ከዚያ ማሽኑ ያላለውን አንድ ነገር ጨመረ፦ «ነፍስ ይማር።»

«ያኑርልን» አለ ሰዉ በአንድ አፍ።

ከዚያ ስልሳው ሰው ተራ በተራ እየቀረበ አሠሪውን ተናገረ። «አባባ ዮናታን።» «አባባ ዮናታን።» «አቶ ዮናታን ወልዴ፣ ጊዮርጊስ ግቢ፣ ከበሩ በስተቀኝ።» እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ደምሰው ሌላ ስም አልሰማም። የፈረሙት ሰዎች ከሰዓት በኋላ አንድ አንድ እያሉ መጥተው ወደ በሩ ሲመለከቱ ታዩ። ሁለቱ ብቻ ገቡ። የፈረሙት ስለማይሰረዝ የሚደረግላቸው ነገር አልነበረም።

ማቲያስ በሰባተኛው ቀን ቤቱን አስረከበ። እቃውን ስልሳ ሰው ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ፣ ወደ ኪሩቤል ቤት አወጣለት። ዐይኑ ያንንም አየ። አሁን ሰባት ሰው በአንድ ቤት ይኖራል። ሶስና መጋረጃውን ቆርጣ ክፍሉን ለሁለት ከፈለችው፤ መስኮቱ ባዶውን ቀረ። ጠባብ ነው። ማቲያስ አንዳንድ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል፤ ያን ቀን ማንም አያናግረውም። ጡሩምባው ግን የእሱ ሆኗል። ከአባቱ በላይ ይነፋል ይላሉ።

እማማ ሜላት አራት ጊዜ ተጠርተዋል። አራቱንም አልቀረቡም።

አንድ ማለዳ ኪሩቤል ሰልፍ ላይ ነበር። ተራው ደረሰ። ፊቱን ቀና አደረገ።

«ዛሬ ሥራ አለዎት?» አለ ዓምዱ።

አፉን ሲከፍት ከማዶ፣ ከታችኛው ብሎክ በኩል፣ ጡሩምባ ተነፋ። ረጅም ነው፤ ያልተቆራረጠ። ሰልፉ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሰዉ ገና ሳይነጋገር ከሰልፉ እየወጣ ወደ እቃ ቤቱ መሄድ ጀመረ።

«አለኝ» አለ ኪሩቤል።

ዓምዱ ትንሽ ቆየ።

«የአሠሪዎ ስም?»

«ገና አልሰማሁም» አለና አካፋውን ሊያመጣ ሄደ።